የሚጠማው ብረት

ሐሙስ፣ ሚያዝያ ፳። ጧት።

ቫልቮላው ደግሞ ተቃጠለ። የጣራውን በርሜል ሞልቼ ከመሰላሉ ሳልወርድ የሽቦ ጢስ ሸተተኝ። የውሃ ማሞቂያው እንጉርጉሮ ቆመ። ለእኔስ ቀለል አለኝ፤ ያ ድምፅ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ሥር የሚያንጎራጉር ንብ ነው። ለሲኞሩ ግን የማታ መታጠቢያው ነው። ኑሩን አስጠራሁ።

ሲኞሩን ከእንግዲህ «ሲ.» ብዬ እጽፈዋለሁ። ቀለም ይተርፋል። ወረቀቱ ሰው እጅ ቢገባም ይሻላል። ይህ ጣሊያን የፊተኛውን ቤት ከያዘ ወዲህ ሥራዬ ይህ ነው፤ ውሃ ማስቀዳት፣ በርሜል መሙላት፣ ልብሱን ማጠብ። ቤቱ የኔና የባለቤቴ ነበር። ባለቤቴ ከዘመተ ወዲህ ወሬው የለም። እኔ ከጓሮው ማድ ቤት አድራለሁ።

ኑሩ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው። ከወሎ የመጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ሱቅ ያለው፣ የልጆች አባት። ማሞቂያውን የሰቀለው አንድ ጣሊያን ሠራተኛ ነው፤ ኑሩ ቧንቧውን በየደለት። ሠራተኛው ወደ ሐረር ከተላከ በኋላ ማሞቂያው ባመመው ቁጥር የሚጠራው ኑሩ ሆነ። ቫልቮላ የሚሉት ሙቀት ሲበዛበት ቀልጦ ኮረንቲውን የሚቆርጥ ቀጭን ሽቦ ነው። አዲስ ሽቦ አሰረለት።

«እትዬ አስካለ፣ ይቺ ሽቦ ከሚስቴ ከከድጃ ትብሳለች። ትንሽ ከተናገሯት እሳት ትሆናለች» አለ።

ሳቅሁ። ሳፋውን ላለቃልቅ የባኞ ቤቱን ቧንቧ ከፈትሁ። ነከሰኝ። እስከ ክርኔ ነዘረኝ። ሳፋው ወደቀ። ኑሩ ሄዷል።

ምናልባት ጅማቴ ነው። ምናልባት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ ፳፪።

ጅማቴ አይደለም። ዛሬም ነከሰኝ። ሁለት ጊዜ።

ለሲ. ነገርኩት። በጣሊያንኛው አይደለም፣ በእጄ፤ ቧንቧውን እያሳየሁ፣ ክንዴን እያንቀጠቀጥሁ። መጥቶ ያዘው። ምንም። ደግሞ ያዘው። ምንም። «አስካላ ፈሪ» አለኝ፤ ሳቀ። እሱ ባኞ ቤት ሲገባ ወፍራም የእንጨት ጫማ ያደርጋል። እኔ ባዶ እግሬን ነኝ። ያን ጊዜ ይህን አላሰብሁም። አሁን ስጽፍ ነው የመጣልኝ። ታዲያ ጫማ ከእጅ ጋር ምን አገናኘው?

ጎረቤቴ ዘነበች ሰምታ መጣች። ነገሩ መንፈስ ነው ትላለች። የሰው ቤት በግፍ የያዘ በውሃ ይቀጣል፣ መጀመሪያ ግን የቤቱን ባለቤት ያስጠነቅቃል። «አንቺን ቆንጠጥ ነው ያደረገሽ፤ ለሱ ይቆያል» አለችኝ። ዘነበች ክፉ ሲመጣ ቀድማ ታሸታለች፤ ክፉው ሳይመጣ ሲቀርም ታሸታለች።

ሌላ ወሬ። የሲ. ሚስት ከአገራቸው ተነሥታለች። በያዝነው ወር መጨረሻ ወይ በግንቦት ትደርሳለች። ሲ. መጋረጃ እየገዛ ነው። ሲያፏጭ ዋለ።

እኔ አልተቀመጥሁም። አንዴ ጓሮ፣ አንዴ በር። ልብስ የታጠበውን ደግሜ አጠብሁ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ፳፭። ከሰዓት በኋላ (ከሰ.)።

ውሃው ሲ.ን ጣለው።

ጩኸት ሰምቼ ሮጥሁ። ባኞ ቤቱ ወለል ላይ በጎኑ ተኝቷል፣ ፎጣ ብቻ። የእንጨት ጫማው በር ላይ ቀርቷል፤ ባዶ እግሩን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ቧንቧውን ይዞ ኖሯል። ቅንድቡ ተሰንጥቋል። ፊቱ እንደ ኖራ። አነሣሁት። አዘንሁለት፤ ወረቀቴ፣ አልዋሽሽም። ወዲያው ደግሞ ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልዋሽሽም።

ከዚያ መጮኽ ጀመረ። ኑሩ፣ ኑሩ። ሊገድለኝ ነው አለ። የጣሊያን ፖሊሶቹ፣ ካራቢኜሪዎች፣ ኑሩን ከሱቁ ወሰዱት፤ መዶሻው እጁ ላይ እንዳለ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ ፳፮።

ኑሩን ለቀቁት። ጥርሱ ተነቅሏል። ሲ. ራሱ ሄዶ ነው ያስለቀቀው፤ የሚያስተካክልለት ሌላ ሰው የለውማ። ግን ቃሉን ተናግሯል፤ ለኑሩም፣ ለእኔም፣ ለካራቢኜሪዎቹም። ሚስቱ ከመምጣቷ በፊት ካልተበጀ፣ ወይም ተበጀ ተብሎ እሷን ከነካት፣ ኑሩ ተንኮለኛ ነው። ተንኮለኛ ተብሎ የሚወሰድ ሰው፣ ከዚያ የካቲት ወዲህ፣ ተመልሶ ያየነው የለም። ይህንን ማንም አላስረዳንም። እናውቀዋለን።

ከሰ. የመብራት ተቆጣጣሪ መጣ፤ ጣሊያን፣ ቸኳይ። ማሞቂያውን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ መሬቱን አየ። ራሱን ነቀነቀ። ለሲ. አንድ ነገር ነግሮት ሄደ። ሲ. ወደኔ ዞሮ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው እንዲህ አለኝ፤

«አስካላ። ቤት መሬት የለም። መሬት የለም ጥሩ አይደለም።»

መሬት የለም? ይህ መሬት ባለቤቴ በእግሩ ለክቶ፣ ድንበሩን በድንጋይ አጥሮ የሠራበት ነው። ስንት ቤት እንዲህ በአንድ ቃል ሲወሰድ አይቻለሁ። ወጥቼ የድንበሩን ድንጋዮች አንድ በአንድ ዳበስኋቸው። እዚያው ናቸው። ለዘነበች ነገርኳት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ አለቀሰች። ሁለታችን አለቀስን። እህል አልቀመስሁም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ ፳፯።

ልሳቅ ወይስ ልናደድ።

ጧት ኑሩ አብጦ መጣ፤ ከንፈሩ ግማሽ፣ ጉንጩ ሙሉ። ስለ መሬቱ ስነግረው መጀመሪያ ፈዘዘ። ቀጥሎ አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ፤ ሲስቅ ያመዋል፤ ሲያመው ይስቃል።

«እትዬ፣ ያሉት የርስዎን መሬት አይደለም! የማሞቂያውን ነው!»

ጣሊያን ሠራተኞቹ «ቴራ» የሚሉት ነገር አለ አለኝ። ቃሉ መሬት ማለት ነው። ከማሞቂያው ሆድ አንድ ሽቦ ወርዶ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር ይታሰራል። ኮረንቲ ካፈተለከ በዚያ ወርዶ አፈር ይገባል። ብረቱ ከሌለ ግን ኮረንቲው ቧንቧው ላይ ቆሞ መንገድ ይጠብቃል። ባዶ እግሩን የመጣ ሰው መንገዱ ይሆናል። የእንጨት ጫማ ያደረገ መንገድ አይሆንም። የጫማው ነገር ተፈታልኝ። እዚህ ቤት ውሃው ከጣራ በርሜል ነው የሚወርደው፤ ቧንቧው አፈር የሚነካበት ቦታ የለም። ስለዚህ መሬት የለም።

ለዘነበች ሄጄ ነገሩን አስረዳኋት። ተቆጣች። በነጻ አስለቀስሽኝ አለች።

ፊደል የቆጠርኩት ወንድሜ ሲማር ከጀርባው ቆሜ ነው። የቀረውን ከስኳር መጠቅለያና ከተቀደደ ጋዜጣ ለቅሜያለሁ። «መሬት» የምትለዋን ቃል ግን አውቃታለሁ ብዬ ነበር።

ዓርብ፣ ሚያዝያ ፳፰።

ሲ. መሥሪያ ቤት ሲሄድ ጀመርን። ኑሩ አንድ አምፖል አምጥቷል፤ ሁለት ሽቦ እንደ እግር የተንጠለጠለበት። ካቻቢቴም አለው፤ ብሎን መፍቻ ነው።

ያስተማረኝ ነገር፦ የሚጠረጠር ብረት በመዳፍ አይነካም። መዳፍ ኮረንቲ ሲይዘው ይጨብጣል፣ አይለቅም። በእጅ ጀርባ ነካ ነው፤ ቢነዝርም እጅ ወደ ኋላ ይሸሻል። በጣቴ ጀርባ ነካሁት። ነከሰኝ።

ማጥፊያውን አጠፋነው። ማሞቂያው ዝም አለ። ነካሁት። አሁንም ነከሰኝ!

ጠፍቶም ይነክሳል። ኑሩ ፊቱ ጠቆረ። ማጥፊያውን ፈታው። ከግድግዳው የሚመጡት ሽቦዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ኮረንቲ ያመጣል፣ አንዱ ይመልሳል። ማጥፊያው የታሰረው በመላሹ ላይ ነው። መውጫውን ዘግቶ መግቢያውን ወለል አድርጎ እንደመተው። ቢጠፋም ማሞቂያው ሆዱ ኮረንቲ እንደሞላ ነው።

ይህን ያሰረው ጣሊያኑ ሠራተኛ ነው። ይህን ለሲ. የሚናገር ማን ነው? ኑሩ አልተናገረም። ሽቦዎቹን አዛወረ፣ ክዳኑን መለሰ፣ አቧራውን ሳይቀር በእጁ መልሶ ቀባበት፤ እንዳልተነካ።

አሁን ሲጠፋ አይነክስም። ሲበራ ይነክሳል። እዳው ግማሽ ሆነ። የቀረው ግማሽ ማሞቂያው ውስጥ ነው፤ ውሃውን የሚያፈላው ጥቅል ሽቦ ልባሱ ተሰንጥቆ ኮረንቲ ያፈሳል። መለወጫው ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣ። ሲ. ጽፏል፤ መቼ እንደሚደርስ አያውቅም።

ስለዚህ መሬት ማድረግ ነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ ፳፱።

ኑሩ ከሱቁ አሮጌ የብረት ዘንግ አመጣ። ከባኞ ቤቱ መስኮት ሥር፣ ከግድግዳው እግር፣ ሊመታው ጀመረ። አፈሩ ድንጋይ ነው። የበልግ ዝናብ ዘንድሮ ዞር ብሎም አላየን። ቀኑን ሙሉ መታ፤ እኔ ዘንጉን ያዝሁለት። መዶሻው ባረፈ ቁጥር ያበጠ ጉንጩን ይይዛል። በመጨረሻ የዘንጉ ራስ ብቻ ሲቀር አቆመ። ከማሞቂያው ሽቦ አወረደ፣ አሰረ።

ቧንቧውን በእጄ ጀርባ ነካሁ። ነከሰኝ። እንደዱሮው።

ኑሩ አምፖሉን ሞከረ። አንዱን እግር ኮረንቲ ከሚያመጣው ሽቦ፣ አንዱን ከተቀበረው ብረት። መሬቱ ከተቀበለ አምፖሉ ቦግ ይላል አለ። አምፖሉ ውስጥ ያለችው ክር ቀላች ብቻ፤ እንደሚሞት ፍም።

ቁጭ አለ። ከዚያ፣ ከድጃንና ልጆቹን ወደ ወሎ ልሸኛቸው ይሆናል አለ። አንተስ አልሁት። እኔ ከሄድሁማ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው አለ።

ውሃ ሰጠሁት። ጠጣ።

ሰኞ፣ ግንቦት ፩።

ልደታ። ደወሉ ገና ሳይነጋ ጀመረ።

እንደ ወጉ ንፍሮው ውጭ ነው የሚቀቀል፣ ውጭ ነው የሚበላ። ድሮ መንገዱ ዳር፣ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ከየካቲት ወዲህ ሰው መንገድ ላይ ክብ ሠርቶ አይቀመጥም። ዘነበች በኔ ግቢ ይሁን አለች። ሲ.ን ጠየቅሁ፤ እጁን አወዛወዘ፣ እሺ። ነፋስ ስለነበር ድስቱን ከግድግዳው ጥግ፣ ከባኞ ቤቱ መስኮት ሥር ጣድነው። ሴቶቹ በየእፍኛቸው ይዘው መጡ፤ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ሽንብራ። ዘነበች ጨው አበዛች። ተሰደበች። «የደረቀ ዓመት ነው፣ ጨው ካልበላንበት በምን እናስታውሰዋለን!» አለች። ሳቁ ከበደኝ። የኑሩን ነገር አስባለሁ።

ሲ. ከመስኮቱ ሆኖ ያየናል። ሴቶቹ ሲመርቁ፣ እጅ ሲዘረጉ። ሲጋራውን ጨርሶ ገባ።

ንፍሮው ሲበስል ውሃው ተርፏል፣ ግማሽ ድስት። ከልደታ ንፍሮ ወደ ቤት የሚገባ የለም፤ ፍሬውም፣ ውሃውም። ዘነበች አዘንብላ ከግድግዳው እግር ደፋችው። የሳፋውንም እጣቢ ደፉ። ማታ ስጠርግ መሬቱ ጭቃ ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት ፪። ጧት።

አልነከሰኝም።

ልብስ ላጥብ ገብቼ፣ ረስቼ፣ በመዳፌ ያዝኩት። ባዶ እግሬን። ማሞቂያው እያንጎራጎረ። ምንም! ደንግጬ ለቀቅሁ። ደግሜ በእጄ ጀርባ። ምንም። ለምጄው ይሆን ብዬ ራሴን ጠረጠርሁ።

ከሰ. ኑሩ መጣ። አምፖሉን ሞከረ። ቦግ! ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፈንን። ምን አደረጉት እትዬ አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ። ብረቱ ወዳለበት ወጥተን አየነው። ጭቃ ነው። የንፍሮው ውሃ።

ኑሩ ጭቃውን በጣቱ ነካ፣ ቀመሰው። «ጨው» አለ። ተያየን። ደረቅ አፈር ኮረንቲ አይቀበልም። እርጥብ አፈር ይቀበላል፣ ጨው የቀመሰ ደግሞ አብልጦ። ባዶ እግሬን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ስቆም የሚብሰኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። እኛን የጎዳን እርጥበት ብረቱን ጠቀመው።

«እናንተ ጾማችሁን ስትጨርሱ እኔን ገላገላችሁኝ» አለ ኑሩ። ፋሲካማ አልፏል፣ ይህ ልደታ ነው አልሁት። «ሁሉም ያው ነው፣ እበላለሁ» አለ። ውጭ ካደረው ደረቅ ንፍሮ ዘግኖ ባንድ ወገን አኘከ።

ዓርብ፣ ግንቦት ፭።

ደስታዬን መልሺልኝ፣ ወረቀቴ። ዛሬ ነከሰኝ። ቀለል ያለ፤ ግን ነከሰኝ። ፀሐይዋ ጭቃውን አድርቃዋለች። አንድ ባልዲ ደፋሁበት። ትንሽ ቆይቼ ነካሁ። ጠፋ።

ስለዚህ ይጠማል። ብረቱ ይጠማል። በየቀኑ ማጠጣት አለብኝ።

ለሲ. መንገር አለብን አልሁ። ኑሩ ፈራ። እኔ ግን ነገርኩት። ወሰድኩት፣ ብረቱን አሳየሁት፣ ባልዲውን አሳየሁት። «መሬት፣ ውሃ፣ ሁልጊዜ» አልሁት። አየኝ። ብረቱን አየ። የንፍሮውን አመድ አየ። ሳቀ።

«ጥሩ አስካላ። ማዶና ውሃ ጠጣ፣ ኮረንቲ ሂድ!»

ለማርያም የማፈስላት መስሎታል። ሰኞ ከመስኮት ያየን ነው፤ ድስት ስንደፋ፣ ስንመርቅ። አይደለም አልሁት፤ አማርኛው አልበቃም፣ ጣሊያንኛዬ አልበቃም። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ገባ። ቧንቧው አይንከስ እንጂ ሌላው ለሱ የሴቶች ነገር ነው።

ይሁን። እኔ አለሁ። እኔ አጠጣዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት ፱።

እኔ የለሁም።

ሲ. ዛሬ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ ያኔ ነው ክፉ መሆኑን ያወቅሁት። የአገሬው ሰውና እነሱ በአንድ ግቢ አያድሩም ተብሏል። የዚህ መንገድ ሰው ሁሉ ወደ አዲሱ ገበያ፣ ለአገሬው ተብሎ ወደ ተከለለው ይሄዳል። እኔ እስከ ወሩ መጨረሻ። ማድ ቤቱ ለሚስቱ ዕቃ ይሆናል። የቀን ሠራተኛ ትመጣለች፣ ሌላ ሴት። ሲናገር ዓይኔን አላየም። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

አሁን በእውነት ቤት መሬት የለም። ድንጋዮቹን አልዳበስኋቸውም።

ከሰ. ልብ በይ፣ የገባኝ ነገር፦ እኔ ከሄድሁ ብረቱን የሚያጠጣ የለም። ክረምቱ እስኪገባ ገና ነው። ሲኞራ መጥታ ባዶ እግሯን ትታጠባለች። ከዚያ ኑሩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት ፲፩።

ስሚ። ይህን ለማንም አልናገርም። ባላጠጣውስ?

አላጠጣውም እንበል። ሴትዮዋ ትመጣለች፣ ይነክሳታል፣ ትጮኻለች፣ ቤቱ የተረገመ ነው ይላሉ፣ ጥለው ይሄዳሉ። ዘነበች እንደዚያ ነው የምትለው፤ ውሃው ቤቱን ላንቺ ይመልስልሻል ትላለች። ባለቤቴ ቢመጣ እዚህ ነው የሚፈልገኝ። ሌላ ቦታ አያውቅም። ሌላ ቦታ ምን ብሎ ይጠይቃል?

ጧት ባልዲውን ሞልቼ አስቀመጥሁ። አልደፋሁም። ዞርሁ። ልብስ አሰጣሁ። ባልዲውን አየሁ። አልደፋሁም። ከሰ. የኑሩ ሚስት ከድጃ መጣች፤ ስለ ባሏ ልታመሰግነኝ። የአጃ ሙክ በማሰሮ ይዛ፤ አፉ በመሐረብ የታሰረ፣ ትኩስ። ጨው የቀመሰ መሬት ባሌን አተረፈልኝ አለችኝ። ልጆቹን ወደ ወሎ መላኩን ተውነው አለች። እጄን ሳመች። እኔ የማውቀው ባልዲውን ብቻ ነው፤ ከጀርባዋ ቆሟል፣ ሙሉ።

ስትሄድ ደፋሁት። ሁሉንም። ደግሜ ሞላሁ፣ ደግሜ ደፋሁ። እግሬን አራሰው።

እንግዲህ ባላጠጣውስ ብዬ አልጠይቅሽም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት ፲፫።

የምትመጣው የቀን ሠራተኛ ብረቱን አጠጣለሁ ብላ ትማልልኝ ይሆን? ማን እንደሆነች እንኳ አላውቅም። ዛሬ ትምላለች፣ ነገ ትረሳለች፤ ወይ ትባረራለች። ኑሩን በየቀኑ ግቢው አያስገቡትም።

ዘንጉን ጠለቅ አድርገን እንምታው አልሁት። ከሥሩ አለት ነው አለ፤ ከዚያ በላይ አይገባም። ከሰል ከስክሶ ቀበረበት፣ ርጥበት ያቆያል ብሎ። ያቆያል፤ ግን አይበቃም። ሞከርሁት።

እንቅልፍ የለም፣ መቀመጥ የለም። ዓለም ሁሉ የደረቀ መሰለኝ። መንገድ ላይ ስሄድ የሰው ግቢ እመለከታለሁ፤ የቱ እርጥብ ነው፣ ለምን?

ማክሰኞ፣ ግንቦት ፲፮።

ለምን እርጥብ እንደሆነ አገኘሁ!

የዘነበች ግቢ። በሯ ሥር ያለው አፈር ሁልጊዜ ጥቁር ነው። ለምን? በሶብላ አለባት። ዘነበች ለባሏ ውሃ ሳታቀርብ ትውላለች እንጂ በሶብላዋን ሳታጠጣ አትውልም። ማንም አላዘዛትም። ስትወጣ ስትገባ ትደፋለታለች፤ ይሸታታል፣ ትደፋለታለች።

ይህን አስቤ ሌላው መጣልኝ። ሲ. ባለፈው ዓመት ከዘነበች በሶብላ አንድ ቅጠል ቀጥፎ፣ አሽትቶ፣ ደንግጦ ነበር። የአገሩ ቅጠል እንደሚሸት ነግሮኛል። ሚስቱ ያለሱ ወጥ አትሠራም ብሎ።

ዘነበችን ሥር ከነአፈሩ ለመንኳት። ለማን ነው? ለጣሊያኗ። ምን? ጮኸች። «ቤትሽን ወሰዱ፣ በሶብላዬን ደግሞ ልጨምርላቸው?» ለኑሩ ነው አልኳት። አስረዳኋት። ሁለቴ አስረዳኋት። ከዚያ ምርጡን ራሷ ነቀለች፤ ስትነቅል አጉረመረመች።

ከብረቱ ክንድ አርቄ ተከልሁት። ጨው የበላ አፈር ያደርቀዋል ብዬ ፈራሁ፤ አፈሩን አውጥቼ ከሌላ ቦታ ሞላሁ። ከሥሩ ወደ ብረቱ የምታዘቀዝቅ ቦይ ቆፈርሁ፣ ትንሽ፤ ለበሶብላው የፈሰሰ ውሃ ትርፉ ወደ ብረቱ ይወርዳል። የብረቱን ራስ በጠጠር ሸፈንሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት ፲፱።

ሲኞራ ገባች። ወጣት ናት። ቀጭን። ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ ግቢውን ስታይ አየኋት፤ ባል ፈልጋ የመጣች አትመስልም፣ መንገድ የጠፋባት ትመስላለች። በሶብላውን አላየችም። ሁለት ቅጠሉ ጠውልጓል። ጨው ነው? ፀሐይ ነው? እኔ ነኝ ያጠጣሁ። ታጠበች። ከበሩ ውጭ ቆሜ ጆሮዬን ጣልሁ። ዘፈነች። አልጮኸችም።

ሰኞ፣ ግንቦት ፳፪።

አየችው! ጎንበስ ብላ ቅጠሉን በጣቷ አሸች፣ አሸተተች። «ባዚሊኮ!» ሲ.ን ጠራች፣ ጮኸች። እንደ አገሯው አይደለም መሰለኝ፣ ደግማ አሸተተች፣ ጥቂት ግራ ገባት፤ ግን ሳቀች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ማን ተከለው ስትል ሲ. እኔን አሳያት። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ግን ውሃ አላጠጣችም። ቀጥፋ ገባች።

አላጠጣችም፣ ወረቀቴ! እኔም ዛሬ አላጠጣሁም፤ ላያት ብዬ። ልትታጠብ ከመጣች ላጠፋው ብዬ ማጥፊያው አጠገብ ቆምኩ፤ ባኞውን ጠረግሁ፣ ደግሜ ጠረግሁ። አልታጠበችም። ማታ ደፋሁበት።

ሐሙስ፣ ግንቦት ፳፭።

የጠወለጉት ቅጠሎች ወደቁ፣ አዲስ ጫፍ አወጣ። ሲኞራ ፊቷን ከታጠበችበት ሳፋ ውሃውን ይዛ በመስኮት፣ እንዲሁ ሳትወጣ፣ ደፋችለት። ከዚያ ደግሞ የምሳ ሳህን አጥባ። ከሰ. ደግሞ። ቦይቱ ሞላች። ጠጠሮቹ ሥር ሲሰርግ አየሁ። ቧንቧውን በእጄ ጀርባ ነካሁ።

ዝም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት ፳፯። ጧት።

ኑሩ አህያ ተውሶ በር ላይ ነው። ዕቃዬ ጥቂት ነው፤ ሳፋው፣ ሣጥኑ፣ የባለቤቴ ካባ፣ አንቺ። እትዬ አህያው ከኛ ይልቅ ቸኩሏል ይላል። ጥርስ የሌለበት ሳቁን እያሳየ ነው፤ ለምዶታል።

ክረምት እየመጣ ነው፤ እስከ መስከረም መሬቱ ራሱን ያጠጣል። የሚያሰጋኝ ከዚያ በኋላ ነው። በሶብላ በብርድ ይከስማል። ሴትዮዋ ትሰለቻለች። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ጥቅል ሽቦ አይመጣ ይሆናል። የኑሩ አንገት በአንድ ተክል ላይ ታስሮ መሄድ አልችልም።

ስለዚህ ቆርጫለሁ። በየወሩ እመጣለሁ። በገዛ ደጄ ቆሜ አንኳኳለሁ። ባለቤቴም ቢመጣ ያ ቀን ሊሆን ይችላል፤ ማን ያውቃል። «ሲኞራ፣ ለወጥ በሶብላ ትንሽ» እላለሁ። ትስቃለች፣ ቅጠፊ ትለኛለች። ጎንበስ እላለሁ። እቀጥፋለሁ። በዚያው ጣቴን ጠጠሮቹ ሥር እሰዳለሁ፤ አፈሩ እርጥብ ከሆነ አመስግኜ እሄዳለሁ፣ ደረቅ ከሆነ ግን «በሶብላው ጠምቶታል» ብዬ አንድ ባልዲ እደፋለሁ።